ማሽኑ ያሳለፈው አሳማ ቦርሳዬ ውስጥ

ዛሬ የአሳማ ሥጋ በቦርሳዬ ይዤ በሜትሮ ቤት ገባሁ። ያውም በጾም።

ትምህርት ቤቴ ለስታጅ፣ ለሥራ ልምምድ ማለት ነው፣ የላከኝ የአሳማ ሥጋ የሚመረመርበት ቦታ ነው። ለኦርቶዶክስ ልጅ ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል?

እዚያ ያለው ማሽን ሥጋው ላይ ብርሃን ያበራል። ከሚመለሰው ብርሃን የትኛው ሥጋ እንደሚገረጣና ውሃ እንደሚያንጠባጥብ አስቀድሞ ይናገራል። ፊቱ የቆመችው ልጅ አሳማ እንደማትበላ ግን ለአለቆቹ አልነገራቸውም።

ስንወጣ አለቃው ማሽኑ እንከን የለበትም ያለውን ሥጋ መርጦ «ለእናትሽ» ብሎ ሰጠኝ። «አንበላም» ማለት ነበረብኝ። በጣሊያንኛ «ግራትሲዬ»፣ አመሰግናለሁ፣ አልኩ። ጎበዝ ነኝ።

እማዬ በሩን ከፍታ አንዴ አየችኝ። «ምነው ገረጣሽ? ላብሽም ይንጠባጠባል። ምን ይዘሽ ነው?»

ብርሃን እንኳን አላበራችም።

ሁሉንም ነገርኳት። ሥጋውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ከእኛ በታች ለምትኖረው ጣሊያናዊት ሲኞራ ሰጠች። ከዚያ «ነገ እንደማንበላ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ፤ ካልሆነ እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

እማዬ እዚያ ድረስ ከምትመጣ ሞቴን እመርጣለሁ። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ «አንበላም» እያልኩ እየተለማመድኩ ነው።

እናንተስ፣ እምቢ ማለት አፍራችሁ ምን ተሸክማችሁ ቤት ገብታችኋል?