ሰይሁድና የናሽሚያ ቀሚስ

ሰይሁድ የሚስቱን ቀሚስ ለብሶ ጎሽ ሲያልብ ታየ አሉ። ወሬው ረግረጉን ተሻግሮ ቺባይሽ ያለው ሻይ ቤታችን ሲደርስ የስምንት ሰው ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ። የኔማ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ።

አላመንኩም። ሰይሁድ እኮ ነው! ጢሙ ላይ ሁለት አሞራ ቢያርፍ ሦስተኛው ቦታ አያጣም። የዱር አሳማ በታንኳ መቅዘፊያ ያባረረ ሰው ነው። አሳማው አንድ ነበር፤ እዚህ ሲወራ ሲወራ ሃያ ሁለት ደርሷል።

"ማን አየው?" አልኩ።

"እኔ ራሴ!" አለ ሸምበቆ አጫጁ ፍሬይህ። "ጥቁር ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ምን የቀረው ነገር አለ! በቀጭን ድምፅ 'ነይልኝ የኔ እመቤት' እያለ ይዘፍንላታል። ስሰማው መቅዘፊያው ከእጄ ወደቀ። በመዳፌ እየቀዘፍኩ ነው የመጣሁት።"

"ያ ረቢ!" አለ ባለ ሻይ ቤቱ፤ ስኳሩን ምድጃው ውስጥ ጨመረው።

የሰይሁድ ሚስት ናሽሚያ እግሯ ተሰብሮ ከተማ ሆስፒታል ከተኛች አራት ቀኗ ነው። እንደ ላም የሚያልቧት ጎሻቸው ጊምራ ደግሞ ከመጀመሪያ ወሊዷ ጀምሮ ያለ ናሽሚያ እጅና ያለ ናሽሚያ ዘፈን ጠብታ ሰጥታ አታውቅም። ሰይሁድ ሲጠጋት ወተቷን ትይዛለች። ግቷ አብጦ ድንጋይ ሆኗል። ባለ ሉካንዳው አቡ ዳኺል ትናንት ሄዶ ዙሪያዋን ሲዞር በዓይኑ ብቻ በልቶ ጨርሷት ነበር። "ታማ ሳትሞትብህ ለሥጋ ስጠኝ" ብሎት፣ ዛሬ መልሱን ሊሰማ ከአጠገቤ ተቀምጧል። ናሽሚያም ከአልጋዋ ላይ መልእክት ልካበታለች፦ "መጥቼ ጊምራን ካጣኋት እኔንም እርሳኝ!"

ይህን እያወራን ሰይሁድ የራሱን ልብስ ለብሶ ገባ። ራቁቱን ቢገባ እንኳ እንደዚያ ባልደነገጥን፤ በእጁ አረፋው የሚፈስ ባልዲ ሙሉ ወተት ይዟል!

"ጎሿስ?" አለ አቡ ዳኺል።

"አትሸጥም።"

"ታዲያ ወተቱን ማን አለበው?"

ይህን ጊዜ በሩ ጨለመ። ጊምራ ታንኳውን ተከትላ እየዋኘች መጥታ፣ ጭቃዋን እያንጠባጠበች እስከ ትከሻዋ ገባች። ሁለት ወንበር ተገለበጠ። እሷ ማንንም አላየችም፤ ሰይሁድን በረጅሙ አሽትታ አገጯን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች።

"በል ዝፈንላት እንጂ፣ እመቤቲቱ!" አለ ፍሬይህ።

ሰይሁድ ባልዲውን አቡ ዳኺል ፊት አስቀመጠ። ጢሙን ጠረገ። ሲናገር ድምፁ እንደ ጠዋት ዶሮ ሰለል ብሎ ነበር የወጣው።

"ውሸት ነው። ቀሚስ አልለበስኩም። አልዘፈንኩም። ይቺን ጎሽም አላውቃትም።"