መጽሐፉን ዘቅዝቀው የያዙት መምህር

ይህ የሆነው የመንግሥት መምህራን የጡረታ ደንብ ተሻሻለ ተብሎ በተወራ ሰሞን፣ እኔም ጋይንት ውስጥ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ስለ አዲስ ደንብ ደግነት ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

መሪጌታ አድማሱ በዚያው በጋይንቷ ቤተ ልሔም የተማሩ የድጓ ሊቅ ነበሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት አማርኛና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ ተቀጠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ማስተማሩን ግን አላቋረጡም፤ የሚያስተምሩትን በቃላቸው ያውቁታልና። ተማሪ ሲያነብ አንዲት ፊደል ቢስት ከወንበራቸው ሳይነሡ ያርሙታል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምጽፍላቸው እኔ ነበርሁ።

አዲሱ ደንብ፣ በሥራ ላይ ሳለ አካሉ የጎደለ መምህር ዕድሜው ሳይደርስም ጡረታ ያገኛል ይል ነበር። እንዲያመለክቱ የወተወትኋቸው እኔ ነኝ። እርሻቸውን ለወንድማቸው ልጆች ከለቀቁ ቆይተዋል፤ ከደመወዛቸው በቀር እሳቸውና ባለቤታቸው የሚያድሩበት አልነበራቸውም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሦስት መርማሪዎች በበቅሎ መጡ። ከመካከላቸው ሐኪም አልነበረም። ዓይን እንዲመረምር የተላከ ጉባኤ ያለ ሐኪም መምጣቱን እንደ ጥበብ የቆጠረው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሰብሳቢው በልጅነቱ ዳዊት የደገመ፣ አሁን ከረባት ያሰረ ሰው ነበር።

የመሪጌታን ዓይን ቀረብ ብሎ እንኳ አላየም። በትከሻቸው ያንጠለጠሉትን የዳዊት ማኅደር አየና፣ «እስቲ መሪጌታ፣ ከዳዊትዎ ትንሽ ያንብቡልን» አላቸው።

ተማሪዎች በመስኮቱ ተጠቅጥቀው ያያሉ። መሪጌታ ዳዊቱን አወጡ፣ ገለጡ፣ ጀመሩ። አንዱን መዝሙር ጨርሰው ሌላውን ቀጠሉ፤ አንድም ቦታ አላደናቀፋቸውም። መጽሐፉ ግን ተዘቅዝቋል።

ብድግ ብዬ፣ «ጌታዬ፣ በቃላቸው ነው የሚሉት። ይመልከቱት፣ ዘቅዝቀው ነው የያዙት» አልሁ።

ሰብሳቢው ሳቀ። «አንተ የቄስ ትምህርት ቤት አልገባህም መሰለኝ» አለኝ። «እኛ ለስድስት አንዲት ዳዊት ከበን ነው የተማርን። በራስጌዋ በኩል የተቀመጠ ልጅ ዘቅዝቆ ማንበብ ይለምዳል። መሪጌታም ለምደው ነው።»

ልማዱ እውነት ነው፤ ያደግንበት ነው። ጓደኞቹም ሳቁ። መዝገቡ ላይ «ያነባሉ» ተብሎ ተጻፈ፤ ጡረታው አይገባቸውም የሚል ደብዳቤም ቆይቶ መጣ።

በቅሎዎቹ ከግቢው እንደወጡ መሪጌታን ተቆጣኋቸው። «ምነው የኔታ፣ አይታየኝም ቢሉ ምን ነበር?»

«ልጆቼ በመስኮት እያዩኝ ዳዊት አቃተኝ ልበል? ይህን ከምል ብለምን ይሻለኛል» አሉኝ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዳይሬክተሩ የፈተና ወረቀት ማረም አልቻሉም ብሎ አሰናበታቸው። የስንብት ደብዳቤው ምክንያቱን «ማየት ስለ ተሳናቸው» ይላል። ለጡረታው ዓይናማ፣ ለደመወዙ ዕውር። ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ደጅ ጠናሁ። አንዱ ሹም ጉዳዩ የኛ አይደለም አለኝ፤ ሌላው ተወስኗል አለኝ። መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተመልሰው፣ የልጆች ወላጆች በሚሰፍሩላቸው ገብስ እያደሩ ሲያስተምሩ አረፉ።

ኩራታቸው ጎዳቸው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሌላው ጦሙን ሲያድር ትሕትናን መስበክ ቀላል ነው። ዕድሜውን በማስተማር የጨረሰ ሰው እንጀራውን ለማግኘት በተማሪዎቹ ፊት መዋረድ አለበት የሚል ደንብ ካለ፣ ነውሩ የደንቡ እንጂ የሳቸው አይደለም።

ዳዊት ያልደገመ ሹም ቢፈርድባቸው ኖሮ፣ አላወቀም ብዬ እተወው ነበር። ያ ሰው ግን ያውቅ ነበር። ከበው ከተማሩባት ከዚያችው ዳዊት ዘቅዝቆ ማንበቡን አስታወሰና በቃል መያዙን ረሳ። ይቅር አላልሁትም፤ ልልም አልፈልግም።