ከማሳው መሃል የተለቀመ ዘር

በ1966 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ኡሙሃኒ ቤት የቀረው እህል ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ የተሰቀለው የማሽላ ዘር ብቻ ነበር። ሁለት እስር። አንዱን ትዘራለች፣ ሌላውን ፈጭታ ልጇን ራህመትን ታበላለች። የሚዘራውን ከተሳሳተች በመጪው ዓመት የሚበላ አይኖርም።

የአንደኛው እስር ዛላ ትልልቅ ነው። ባሏ ሳይሞት፣ ዝናቡ ደህና በነበረበት ዓመት፣ ጎርፍ ከሚገባበት የማሳው ጠርዝ የቆረጠው ነው። በአገራቸው በሮቢት ዙሪያ ዘር የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ከአጨዳ በፊት ማሳው ተዞሮ ትልልቁ ዛላ ይቆረጣል። የሌላው እስር ዛላ ጭብጥ አይሞላም። አምና ማሽላው ሳያፈራ ሲደርቅ ኡሙሃኒ ከማሳው መሃል፣ ፍሬ ከያዙ ጥቂት አጫጭር አገዳዎች የለቀመችው ነው።

የባሏ ወንድም ሰላሁዲን ገብቶ ቀና ብሎ አየ።

«ራህመትን ትንሹን አብያት። ድንክ ድንክ ነው የሚወልድ።»

«ትልቁ ውሃ ጠጥቶ ነው የተለቀ። አንተም ሰርግ ቤት ስትከርም ትወፍራለህ፤ ልጅህ ግን ወፍሮ አልተወለደም።»

ሰላሁዲን ሳይወድ ሳቀ። «እሺ፣ ትንሹስ? ፋንድያ ላይ አለመብቀሉን በምን አወቅሽ?»

 እሱ ሲሄድ ወጣች፣ ተመለሰች፣ የራህመትን ግንባር ዳሰሰች፣ እንደገና ወጣች። መቀመጥ አልሆነላትም። በመጨረሻ ዶማዋን አንስታ ማሳው ገባች።

አጫጭሮቹ የበቀሉበትን ቦታ አልረሳችውም። ቆፈረች። ፈቀቅ ብላ፣ ሌላው ሁሉ የደረቀበትን ቆፈረች። አፈሩን በእጇ አሸችው፣ አሸተተችው። እዚህም እዚያም ያው የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር። ፋንድያ የለ፣ እርጥበት የለ። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከዘሩ ነው።

ቤት ገብታ ትልቁን እስር አወረደችና ወፍጮው ላይ ተንበረከከች።

«የወንድሜን ምርጥ ፈጨሽው?» አለ ሰላሁዲን በማግስቱ።

«ልጁ ናት የበላችው።»

ዝናቡ ዘግይቶ መጣ። ትንሹን እስር ዘራች፤ ዝናቡ ቶሎ ሄደ። አብዛኛው ማሽላዋ ከዚያ በፊት ዛላ አውጥቶ ነበር፤ አጭር፣ ግን ፍሬ ያለው። አንዳንዱ ደግሞ ወደ ላይ ተመዞ ባዶውን ደረቀ።

«እነዚህ ቀውላሎችስ?» አለ ሰላሁዲን። «ከዚያው እስር አይደል የወጡ?»

«እኔ የለቀምኩት ከእናታቸው ነው። ሲያብብ ነፋሱ አባታቸውን ከማን ማሳ እንዳመጣው አላህ ይወቅ።»

ከአጨዳ በፊት ጎረቤቶቿ እንደልማዳቸው ጠርዝ ጠርዙን ይዞሩ ጀመር። ኡሙሃኒ መሃሉ ገብታ አገዳ ከአገዳ ታስተያያለች፤ አንዱን ትይዛለች፣ ትተወዋለች፣ ተመልሳ ታየዋለች። ራህመት ጎርፉ ከነካው ጥግ ላይ ወፍራም ዛላ ወደ ታች ጎትታ ያዘች።

«እማዬ፣ ይሄስ?»

«እሱን እንበላዋለን» አለች ኡሙሃኒ። ቀና አላለችም።