በጥላሸት የከፈፍኋት የጥምቀት ፎቶ

ያን ለት ጠዋት የድስት ቂጥ ስፍቅ ነበር። ጥላሸቱን በቢላ ጀርባ እየፋቅሁ በጣባ አጠራቀምሁ፣ ጠብታ ውሃ ጣል አረግሁበትና በጣቴ አሸሁት። ለእህቴ ለቅሶ ጥቁር ወረቀት ያስፈልገኛል። ጥቁር ወረቀት ደግሞ እንኳን እኛ መንደር መካነ ሰላም ሱቅም አይገኝ። ስለዚህ ስኳር የሚጠቀለልበትን ቡናማ ወረቀት ዘረጋሁና በጥላሸት ቀባሁት። እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ። እንባዬን በዚያው እጄ ስጠርግ ፊቴም ጠቆረ።

ባሌ አየኝና «ኧረ አንቺ ሴት፣ ሰው ሳይመጣ ታጠቢ!» አለኝ።

«የሚመጣው ለለቅሶ አይደል? ማን ፊቴን ብሎ!» አልሁት።

ማጣበቂያው ቸገረኝ። በደጉ ጊዜ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ነበር የማጣብቀው። ያን ዓመት ለወረቀት ዱቄት ያባከነ ሰው ቢገኝ በድንጋይ በተወገረ። ከአጥሩ ቁልቋል ቆረጥሁና ወተቱን አንጠባጠብሁ። የቁልቋል ወተት ወረቀት ይይዛል፤ ዓይን ከነካ ግን ያጠፋል። ልጆቹን ከደጅ አባረርኋቸው።

ጻፊ ልጄ፣ ያን ጊዜ ፎቶ እንዳሁኑ በየሰዉ ኪስ የሚገኝ ነገር አይደለም። እኛ ቤት ያለችው አንዲት ፎቶ ናት። ክፉው ቀን ሳይመጣ፣ እህቴም ወደ ዓባይ ቆላ ሳትዳር፣ ለጥምቀት መካነ ሰላም ወጥተን ነበር። ከደሴ የመጣ ፎቶ አንሺ ሣጥኑን በሦስት እግር ላይ አቁሞ፣ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ሰው ያነሳል። እኔ ፈራሁ። «ያ ሰውዬ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?» ብዬ ወደኋላ ስል እህቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ነይ እንጂ! አንቺን ደግሞ ምን ብሎ ይበላሻል፣ አጥንት ብቻ!»

ታናሼ ናት፤ ምላሷ ግን ታላቄ ነው። እንደተያያዝን ቆምን፣ እንደተያያዝን ፎቶው ወጣ። የለበሰችው እናታችን የጠለፈችላትን ቀሚስ ነው። ደረቱ ላይ ያለው መስቀል አንድ ክንዱ አጭር ነው። እናታችን ክር አለቀባትና በዚያው ተወችው።

ለዚያች ፎቶ በየዓመት በዓሉ አዲስ ክፈፍ እሠራላት ነበር። ለእንቁጣጣሽ ቢጫ የከረሜላ ወረቀት በአደይ አበባ አምሳል ቆርጬ ዙሪያዋን እለጥፋለሁ። ለፋሲካ ጠጅ ቤት ደጃፍ የተጣለውን የሲጋራ ብልጭልጭ እለቅምና በጥፍሬ እያቃናሁ እደረድረዋለሁ። ለጥምቀት የታቦት ጥላ፣ ከነዘርፉ። መቀሴ የበግ ጠጉር መሸለቻ ነው። ወረቀቱን አጥፈሽ አጥፈሽ አንዴ ስትቆርጪው፣ ሲዘረጋ አበባው እኩል እኩል ይወጣል። ማንም አላስተማረኝም። ጎረቤቶቼ አዩና ፎቶ ያላት ሁሉ፣ ልጇ ወታደር የሆነባትም፣ «እስቲ የኔንም በዓል አድርጊልኝ» እያለች ታመጣልኝ ጀመር።

ከዚያ ረሀቡ መጣ። ዝናብ ቀረ፣ ቆላው ቀድሞ ነደደ። የእህቴ ባል ሥራ ፍለጋ ሄዶ በዚያው ቀረ። እሷ እኔ ዘንድ መጥታ ጥቂት ሰነበተች፣ አንድ ቀን ሳትሰናበተኝ ወጣች። ለጎረቤቴ «ከልጆቿ አፍ አልነጥቅም፣ ወረኢሉ እህል ይሰጣል አሉ» ብላት ነው የሄደችው። ንጉሡ ወረዱ ሲባል፣ መሬት ላራሹ ታወጀ ሲባል፣ ሰዉ በደጄ እየጨፈረ ሲያልፍ፣ እኔ መንገዱን ነበር የማይ።

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር። ወረኢሉ ደርሶ ሲመለስ እኛ ቤት ያድራል። ፎቶዋን ግድግዳው ላይ ባየ ቁጥር «ይቺ ባለ ጎዶሎ መስቀል ዛሬም አልተሟላላትም?» እያለ ይቀልድ ነበር። ያን ሰሞን መጣና ጨውን ሳያራግፍ ቆመ። አልቀለደም። ፎቶዋንም አላየም። ባሌን ወደ ጓሮ ጠራው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የነፍስ አባቴ ከሽማግሌዎች ጋራ ደጄ ላይ ቆሙ። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር፤ ገና ሳያቸው ጮህሁ። ነጋዴው ወረኢሉ፣ በራብተኞች መጠለያ ዳር ሬሳ ሲቀበር አይቷል። ፊቷ ተሸፍኗል፣ ቀሚሷን ግን አይቷል፣ ያንን ክንዱ ያጠረ መስቀል። እንዲህ ያለ ቀሚስ ሌላ የት ይገኛል? ማንም አልተጠራጠረ። እኔም አልተጠራጠርሁ።

እኛ ዘንድ የሟች ፎቶ ለቅሶ ላይ ይወጣል። አስለቃሿ ከፍ አድርጋ ይዛ ሙሾ ታወርድበታለች። የለቅሶው ዋዜማ አስለቃሿ መጣችና ፎቶዋን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«እንዲህማ አልይዛትም» አለች።

«ለምን?»

«አንቺ አለሽበታ! ሕያውና ሙት ባንድ ክፈፍ ይዤ ላልቅስ? ባንቺም ሞት ልጥራብሽ?»

እና ያን ለት ጠዋት፣ ጥላሸቱ ሲደርቅልኝ መቀሱን አነሳሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘናል፤ የት ላይ ይቆረጣል? በሷ በኩል ብቆርጥ ጣቷ ይቀራል። የሟች አካል አላጎድልም አልሁና በራሴ አንጓ ላይ ቆረጥሁ። እጄ ከሷ ጋራ ሄደ። የቀረሁትን እኔን፣ እጀ ቆራጣዋን፣ አገልግል ውስጥ ወተፍሁ። የሷን በጥቁሩ ወረቀት ከፈፍሁት፣ ዳር ዳሩን በእንባ ዘለላ አምሳል ቆራረጥሁት። አምሮ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ።

ለቅሶ ወጣን። ሰዉ ብዙ አይደለም፣ ግማሹ ተሰዷል፣ የመጣውም በምርኩዝ ነው። ጎረቤቴ እስላም ናት፣ ቁርኣን ከሚያስቀሩ ሼህ ቤት የተወለደች። የክርስቲያን ለቅሶ ነው ብላ አልቀረች፤ ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች። አስለቃሿ ፎቶዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች፦

ጥምቀት ወጥታ ነበር ቀሚሷን አሳምራ፣
ዛሬ ተኝታለች ከማታውቀው ጋራ።

እኔ ደረቴን እደቃለሁ። በዚህ መኻል አንዲት ጆንያ የለበሰች ሴት ከመንገድ ወጥታ ዳር ላይ ቁጢጥ አለች። የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ነው፣ ለአንገቷ ተቀዶላት። ያን ጊዜ የራበው ሰው ለቅሶ ባየበት ሁሉ ይቆማል፣ ንፍሮ አይጠፋም ብሎ። ጎረቤቴ እፍኝ ንፍሮ አቀበለቻት። ቀጥሎ ያለውን ኋላ የነገረችኝ እሷው ናት።

ሴትዮዋ ባቄላውን እያላመጠች «ማን ነው የሞተ?» አለች።

«የዚህ ቤት እመቤት እህት።»

«የትኛዋ እህቷ?»

«ስንት እህት አላትና! አንዷ ናት እንጂ፣ ቆላ የተዳረችው።»

ሴትዮዋ ማላመጧን ተወች። ተነሳችና ሰዉን በክርኗ እየገፋች መጣች። እኔ ስትመጣ አየኋት፤ ምን ቸገራት ይቺ ብዬ ነው ያየኋት። አስለቃሿ ፊት ደረሰችና ፎቶዋን በጣቷ ነካች።

«ወግጂ እስቲ» አለች አስለቃሿ፣ «ንፍሮሽን ብዪ!»

«ይቺ እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እኔ ነኝ እኮ እልሻለሁ! ማን ገደለኝ?»

ድምፁ! ፊቷን አላውቀውም። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ጠጉሯ ረግፏል፣ ከኔ ታናሽ የነበረችው ልጅ የእናቴን እናት መስላለች። ድምፁ ግን ያው ነው። ደረቴን ልመታ ያነሳሁት እጅ አየር ላይ ቀረ። ልጄ፣ ሰው ሲደሰት እልል ይላል ይባላል። እኔ አልተደሰትሁም። ደነገጥሁ። ከመርዶው ይልቅ ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት። የቀበርኋት ሰው ቆማ ታየኛለች፣ ሥጋዬ ሁሉ ሽሽ ሽሽ አለኝ።

አስለቃሿ ፎቶዋን ጥላ ሮጠች። ያች ጉልበቴን እያለች ከመቀመጫዋ በሰው እጅ የምትነሳ ሴት፣ አጥሩን ዘለለችው! ነጠላዋ ቁልቋሉ ላይ ቀረ። ጎረቤቴ «ያረቢ! ያረቢ!» ትላለች። ባሌ ዱላ አነሳ፣ ማንን ሊመታ እንደሁ እንጃለት። የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ወደፊት ዘርግተው «ሰው ከሆንሽ ስመ ሥላሴን ጥሪ!» አሏት።

«ልጥራ አባ፣ ባቄላውን ልዋጥና» አለች። ዋጠች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ሳቅ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ጨመረብኝ።

እህቴ ጎንበስ ብላ ፎቶዋን አነሳች። ጥላሸቱ ጣቷን አጠቆረው። ብዙ ጊዜ አየችው።

«ይቺ እጅ የማን ናት?»

«የኔ» አልሁ። መጀመሪያ ያወጣሁት ቃል ይቺ ናት።

«አንቺስ የታለሽ?»

አገልግሉ ወዳለበት ወደ ቤቱ ዞር አልሁ።

«ወዴት ሄድሽ እንጂ! እኔን ብቻዬን ጨለማ ውስጥ አስገብተሽ!»

«ሞታለች ብለውኝ ነው እቴ… ቀሚስሽን ሲቀብሩት ያየ ሰው አለ።»

ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ። ቁጣው ወረደና ሌላ ነገር መጣበት። «ሞተች ማለት ነው?» አለች። «አጠገቤ የምትተኛ አንዲት እናት ነበረች። የቆላ ሰው ናት፣ ስሟን አልነገረችኝም። ብርዱ አይጣል ነው። ልጇን አቅፋ በዚች ጆንያ ስትንዘፈዘፍ አየሁና ቀሚሴን ሰጠኋት። ሰፊ ነው፣ ከልጇ ጋራ ያለብሳቸዋል። እኔ ጆንያዋን ወሰድሁ። ልጇ ቀደማት። ኋላ መሬት ተሰጥቷችኋል፣ ወዳገራችሁ ግቡ ሲሉን እሷ መነሳት አቃታት፣ እኔ ወጣሁ። እየወደቅሁ እየተነሳሁ መጣሁ።»

እህቴ ፎቶዋን ብብቷ አደረገች።

«በሉ እንግዲህ፣ ለቅሶዬን ጨርሱ» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ወዴት ነው?»

«እንጃ። የተለቀሰለት ሰው ቤት አለው?»

ያን እግሯን አየሁት፣ ሸምበቆ ነው። በዚያ እግር ከመንደሩ ወንዝ አትሻገርም። ከሄደች ለቅሶው እውነት ይሆናል። ልይዛት ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ልንካት ፈርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቤት ሮጬ ገባሁና አገልግሉን ዘረገፍሁ፣ የተቆረጠችውን እኔን አወጣሁ፣ የቁልቋሉን ጣባ አነሳሁና መኻል መንገዷ ላይ ተዘርፍጬ ተቀመጥሁ።

«አምጪው!»

«ምኑን?»

«ፎቶውን አምጪው አልሁሽ!»

ሰጠችኝ። ጥቁሩን ክፈፍ ገሽልጬ ጣልሁ፣ ሁለቱን ጠርዝ ላጋጥም ሞከርሁ። ወተቱ በከፊል ደርቋል። አንዴ ክንዴ ካንገቷ በላይ ወጣ፣ አንዴ እጄ ከአንጓዬ ራቀ። ጥላሸቱ እየተነካካ ፊቴን ፎቶው ላይ አጠፋው። እሷ ከላይ ቆማ ታያለች።

«አጣመምሽው» አለች።

«ዝም በይ!»

«እጅሽ አልደረሰልሽም እኮ።»

«ይደርሳል!» ብዬ ጮህሁ። እንባዬ ወረደ፣ በዚያ በተጨማለቀ እጄ ልጠርገው ሳነሳ አንጓዬን ያዘችኝ። አጥንት ነው የያዘኝ። ግን ይሞቃል።

«ዓይንሽን ልታጠፊው ነው እንዴ፣ የቁልቋል ወተት ነው!» አለችኝ፣ እንደ ልጅነቷ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች። «ውሃ ስጪኝ» አለች።

ባሌ አንስቶ አስገባት። «ኧረ ምንም የላት፣ ነጠላ የታቀፍሁ ነው የመሰለኝ» አለኝ ኋላ። አጥሚት አቅጥነን በትንሽ በትንሹ ሰጠናት። ብዙ ከበላች ትሞታለች ብላ ጎረቤቴ ናት የከለከለችን። እሷ እየጠጣች ትነግረናለች፣ እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም፤ እጇን እየነካሁ እለቃለሁ፣ እየነካሁ እለቃለሁ።

ሰዉ ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ቆይቶ ተበተነ። ነፍስ ይማር እንዳይል አለች፤ እንኳን ደስ ያለሽ እንዳይል የለበስሁት የሐዘን ልብስ ነው። ሲመሽ ጎረቤቴ ሰፌዷን ልትወስድ ብቅ አለች።

«ለከንቱ ለቅሶ አስቸገርኋችሁ፣ ሰዉን ይቅር በሉኝ በይልኝ» አልኋት።

«የምን ከንቱ ነው?» አለችኝ፣ ሰፌዱን እያራገፈች። «ያቺ ሴትዮ ከነልጇ አፈር ውስጥ ናት። የሷ እህት ይኼኔ መንገድ መንገዱን ታያለች። ስሟን ስለማናውቅ ለቅሶ ሊከለከላት ነው? አስለቃሿን ነገ ያዢያትና ለሷ ሙሾ አስወርጃት፤ ነጠላዋን ፍለጋ መምጣቷ እንደሁ አይቀር።»