የሌሊት ወፍ ንክሻና የእናቴ ቅዳሴ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ታክቶኛል። የሌሊት ወፍ እይዛለሁ፣ ከክንፏ ጠብታ ደም እወስዳለሁ፣ መልሼ እለቃታለሁ። ደሟ ውስጥ ትሪፓኖሶማ የሚባል በዓይን የማይታይ ተውሳክ ይዋኛል፤ ቆላ ላይ ከብት የሚፈጀው የገንዲ በሽታ ተውሳክ ዘመድ ነው። እኔ የምፈልገው ዘሩን ነው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ዘረ መሉ ሲነበብ ግን በአንድ ዋሻ ጣሪያ ላይ ተቃቅፈው ከሚውሉ የሌሊት ወፎች ደም የተለያየ ዘር ይወጣል።

«ያማቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ አባቴ፤ የገጠር ቄስ ናቸው።

«እስካሁን እንዳየሁት አያማቸውም።»

«ሰውንስ?»

«የእኛ አገሮቹ ሰው የሚያሙ አይመስለኝም።»

«ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ? የሌሊት ወፍ ዘር ስትቆጥር የራስህ እንዳይቋረጥ!» ብለው ሳቁብኝ።

ሌላ ሰው ቢለኝ እቆጣ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ሲስቁ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ለሥራዬ ስመጣ የማድረው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ራታችንን በልተን እሳቸው አንድ ጥግ፣ እኔ አንድ ጥግ እንቀመጣለን። ቤቱ ጭር ይላል።

በሙት ዓመቷ ቀን እንዲቀደስላት ፈለጉ። ቅዳሴ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይጠይቃል። የመንደራችን ወጣቶች ላሊበላ ገብተው አስጎብኚ ሆነዋል፤ ቄስ ከአባቴ ሌላ አንድ አለ፤ የቀሩት ዲያቆናት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ በልጅነቴ ድቁና ተቀብዬ ሳላገባ የቆየሁት።

«አንተ ካለህ ይሞላል። ከሌለህ ለእናትህ ቅዳሴ የለም» አሉኝ።

«እንዴት እቀራለሁ አባባ?» አልሁ።

ዋዜማው ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ዋሻ ወረድሁ። ከመረቡ ሳላቅቃት አንዲት የሌሊት ወፍ ጓንቱን በስታ አውራ ጣቴን መታጠፊያው ላይ ነከሰችኝ። ደሟን ወስጄ ለቀቅኋት፤ ጣቴን በሳሙና አጥቤ፣ ላሊበላ ድረስ ሄጄ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ተወግቼ ማታ ተመለስሁ። መቼስ እስከ ነገ ይደርቃል ብዬ ነበር።

ሲነጋ ልብሰ ተክህኖ ከመልበሴ በፊት እጄን ስታጠብ ፕላስተሩ ተላቀቀ። ጣቴን ሳጥፍ ቁስሉ ተከፈተና ደሙ ወረደ። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። ማንም አላየኝም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ መግባት እችል ነበር። ግን የእናቴ ቅዳሴ ላይ እንዴት ብዬ እዋሻለሁ? ሄጄ ለአባቴ አሳየኋቸው።

ጣቴን ይዘው አዩት። «ወይ አለመታደሏ!» አሉ። ወጥተው ቅዳሴ እንደሌለ ለሕዝቡ ነገሩ፣ መቃብሯ ላይ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱ፣ ሰዉም ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ባደግሁበት ደብር እንዲያ ባይተዋር ሆኜ አላውቅም።

ውጤቱ የደረሰኝ ከወራት በኋላ፣ ከተማ ተከራይቼ በምኖርባት አንዲት ክፍል ነው። የዚያች የነከሰችኝ ወፍ ተውሳክ እስከ ዛሬ ከተነበቡት ከየትኞቹም ጋር አልዛመድ አለ። በዘር ሐረጉ ላይ ለብቻው አንድ ቅርንጫፍ ይዞ ቆሟል። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ሠርግና ምላሽ ነው! ብድግ ብዬ ክፍሏ ውስጥ ተንጎራደድሁ፤ የምነግረው ሰው የለም። ለአባቴ ደወልሁ።

«ዘመድ የሌለው ተገኘ» አልኋቸው።

«ምስኪን» አሉ። «ብቻውን ነዋ።»



በሁለተኛው ዓመት ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ዋሻው አጠገብ አልደረስሁም። ሽንኩርት እንኳ በእጄ አልከተፍሁም። ዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጭረት የሌለበት እጅ ይዤ መንደር ገባሁ። እሰይ! ሁለቱ ዲያቆናት መጥተዋል፣ ሌላኛው ቄስም መጥተዋል። አባቴን ልጠራ ቤት ስገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እስቲ እጅህን» አሉኝ።

ዘረጋሁላቸው። ገልብጠው አዩት፣ ጣቴን ዳሰሱት። የእሳቸው እጅ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከአምናው ወዲህ መንደር አልመጣሁም ነበር። ስንት ጊዜ ደውዬላቸዋለሁ፤ በስልክ እጅ አይታይም። በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ሥጋ ወደሙ አይያዝም።

«ያንተስ ድኗል» አሉ። «ዘንድሮ የጎደልሁት እኔ ነኝ። ነገ ውጭ አብረን እንቆማለን።»