ቱቦውን የሚጨብጠው እጅ

ሰፈሩ «በረዶ» ይለዋል። እናት አባቱ ባወጡለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣው ነው። የመኪና ኤሲ ሠሪ ነው። ጋራዡ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ፣ ሁለት መኪና ተፋፍጎ የሚቆምበት ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ የጋዝ ግፊት የሚለካበት ጌጅ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ለምን እንደማይጠቀምበት ሲጠየቅ፣ «እሱ እጅ ለሌለው ሰው ነው» ይላል።

የሱ ዘዴ ሌላ ነው። ሞተሩን ያስነሳል፣ ኤሲውን ይከፍታል፣ ከዚያ ኮፈኑን አንሥቶ የኤሲውን ሁለት ቱቦዎች በሁለት እጁ ይጨብጥና ዓይኑን ይጨፍናል። ቀጭኑ ቱቦ መፋጀት፣ ወፍራሙ ጣት እስኪቆረጥም መቀዝቀዝ አለበት። ጋዙ ጎድሎ ይሁን ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ደክሞ፣ በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት ይለያል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ሲፈርድ ኖሯል፤ ይግባኝ ያለበትም የለም።

ያን ሰሞን ሚስቱ የሚንተከተክ ድስት በባዶ እጁ ሲያወርድ አይታው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ብረት ሆነ እንዴ?» ብላው ነበር። ሳቀ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ። የማይቆርጥለትን የውሃ ጥሙንም በሙቀቱ አሳበበ። ሰው ሲያመው ይደነግጣል፤ ምንም ሳይሰማው ሲቀር ግን ጤና ይመስለዋል።

ጎረቤቱ፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ መኪናዋን ይዛ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ኤሲው ትኩስ አየር ይተፋል።

«ለኔስ ግድ የለም» አለችው፣ ስለ ባሏ እያሰበች። «ጋሼህ ግን ከኩላሊት እጥበት ሲወጣ ጨርቅ ሆኖ ነው። በዚህ ሙቀት መንገድ ላይ እንዳይቀርብኝ እሰጋለሁ።»

በረዶ ቱቦዎቹን ጨበጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ለብ ያሉ መሰሉት። እጁን ሲያነሣ መዳፉ ረጥቧል፤ መኪናዋ ታጥባ መጥታለች ብሎ በቱታው ጠረገውና ኮምፕሬሰሩ አልቆለታል ሲል ፈረደ። እርግጠኛ መሆኑን ጠየቀችው።

«በእጄ ይዤው እትዬ!» አላት፣ ቅር ብሎት።

ይህ ለሷ በቂ ነበር። መኪናዋን ትታለት ሄደች። ሌላ ኮምፕሬሰር እስኪፈለግና እስኪገጠም ባሏን በታክሲ አመላለሰች፤ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ሲጠብቁ ሽማግሌው ራሱን ስቶ እጇ ላይ ወደቀ። በረዶ ይህን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ወደ ሥራው ሮጠ።

ኮምፕሬሰሩን ገጠመ፣ ጋዝ ሞላ፣ ሞተሩን አስነሣ። ከዳሽቦርዱ የወጣው አየር ያው ትኩስ ነው። ቱቦዎቹን ጨበጠ፤ ያው ለብ ያሉ ናቸው። ጋዙ ያፈስስ እንደሆነ ለማየት ወደ ውስጥ ሲያጎነብስ ክንዱ ወፍራሙን ቱቦ ነካ፤ የበረዶ ውሃ የደፉበት ያህል ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። አየው። ቱቦው ላቡን ያንጠባጥባል። በጣቶቹ መልሶ ያዘው። ውሃው በጣቶቹ መካከል ሲወርድ ታየው፤ ቅዝቃዜው ግን አልነበረም።

መዳፉን አዙሮ አየው። የመጀመሪያው ቀን እርጥብ መዳፉ ትዝ አለው። ቱቦው ያኔም ያልበው ነበር። አሮጌው ኮምፕሬሰር በደንብ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ቅዝቃዜው እየተሠራ ወደ ሰው እንዳይደርስ ጓዳ ውስጥ የሚያስቀረው ሌላ ነገር ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ በዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ትኩሱንና ቀዝቃዛውን አየር የምትለየው ትንሽ መዝጊያ ከመጋጠሚያዋ ወልቃ ወደ ትኩሱ በኩል ተጋድማለች። ወደ ቦታዋ መለሳት። ፊቱ ላይ ቀዝቃዛ አየር ነፈሰ።

ሲመጡ ምን እንደሚል አሰበ። ኮምፕሬሰር ተቀይሯል፣ ኤሲው ቀዝቅዟል። አንድ ቃል ካልተነፈሰ ማንም አያውቅም፤ ከተናገረ ደግሞ በነጋታው መኪናውን በሱ እጅ የሚያምን ማን ነው? ያለዚህ እጅ እሱ ምንድን ነው?

መምህርቷ ባሏን ደግፋ መጣች። ሽማግሌው ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንገቱን ለአየሩ ሰጠና ዓይኑን ከደነ።

«እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» አለ።

በረዶ የመኪናውን በር ዘግቶ በመስኮቱ ዝቅ አለ። ሌላ ምርቃት ቢሆን ምናልባት ዝም ብሎ ይቀበል ነበር።

«እትዬ፣ ኮምፕሬሰሩ ደህና ነበር» አለ። «በከንቱ ነው ያንገላታኋችሁ። የተበላሸው እጄ ነው።»

ሁሉንም ነገራት፣ ገንዘቧንም እንደሚመልስ። እሷ ያልገባት መሰለች፤ የገባው ሽማግሌው ነው። እጁን በመስኮቱ አውጥቶ የበረዶን ጣቶች ያዘና በጥፍሩ ተጫናቸው።

«ይሰማሃል?»

«የለም።»

«ውሃ ይጠማሃል?»

በረዶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«የኔም እንዲሁ ነበር የጀመረው፣ ከእግሬ» አለ ሽማግሌው። «ስኳር ነው። አሥር ዓመት ዝም አልኩት። አሁን ደሜን ማሽን ያጥብልኛል። ግባ፣ ወደ ሆስፒታሉ እየሄድን ነው።»

እጄን ልታጠብ አለ፤ ጋራዡን ልዝጋ አለ፤ ሚስቴ ትጠብቀኛለች አለ። መምህርቷ የኋላውን በር ከፍታ ቆመች፤ ተማሪ እንደምትጠብቅ። ገባ።

መኪናው ተነሣ። ከፊት የሚመጣው አየር አንገቱንና ጆሮውን አቀዘቀዘው፤ ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር። ማንም እንዳያየው ቀስ ብሎ ሁለቱን እጆቹን በወንበሮቹ መካከል ዘረጋና ዓይኑን ጨፈነ። አየሩ የእጁን አንጓ ነካው፤ መዳፉንም በስሱ። ከዚያ ወዲያ ጣቶቹ እስኪሰማቸው ጠበቀ።

አሁንም ይጠብቃል። ሽማግሌው ዞር ብሎ አየው፤ ማርሹ አጠገብ ያለውን ማዞሪያ ይዞ ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው ከፈተለት።