የሞዘል ሸለቆ በሙየንጋ ጠረጴዛ ላይ

በካምፓላ ሞዘልን፣ የጀርመኑን የወይን ጠጅ አገር፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ የለም። ሐበሻ ካልሆኑትም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጀርመን ሄጄ አላውቅም። ኦልድ ካምፓላ፣ መጠጥ በጅምላ በሚሸጥ መጋዘን ካርቶን ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። የጠርሙሶቹን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት ፈታሁ፤ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን የወይን ጠጅ አትላስ ገጹ እስኪላቀቅ አነበብኩ። እንዲህ አድርጌ ጠርሙስ ከፍቶ ለገዢ የሚያስቀምስና የሚያስረዳ ሰው ሆንኩ። አስተማሪዬ እኔው ነኝ።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ጉንፋን ያዘኝ። ሲለቀኝ ማሽተቴን ይዞት ሄደ። ሽንኩርቱም፣ የቦዳው ሞተር ሳይክል ጭስም፣ ሳሙናውም አንድ ሆኑብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እንጀራዬን የምበላው በአፍንጫዬ ነው፤ ያለ እሱ በዚህ ዕድሜ ማን ያሠራኛል?

አንድ ቀን አለቃዬ፣ አስመራ የተወለደ ነጋዴ፣ ሙየንጋ ሰፈር ምግብ ቤት ወዳላት ሐበሻ ሴት ላከኝ።

«ጋሼ፣ ነጭ ወይን ጠጅ ልታስገባ ነው። አስተናጋጆቿን ያስተምሩልኝ። ደንበኛ ካደረጓት እርስዎም እዚሁ ከእኛ ጋር ነዎት።»

ካላደረግኳትስ? አልጠየቅኩም።

ከምሳ በኋላ አራት ሐበሻ አስተናጋጆች ጠረጴዛውን ከበቡት። የጨርቅ ናፕኪን ጠምዝዤ አጠማዝዤ ዘረጋሁ።

«ይሄ ወንዙ ነው። ከላይ፣ ከሉክሰምበርግ ጋር በሚዋሰንበት፣ አፈሩ የኖራ ድንጋይ ነው። ኤልብሊንግ የሚባል ቀላልና ኮምጠጥ ያለ ወይን ይበቅልበታል።» ማንኪያ አስጠጋሁ። «ይህቺ ዛር ናት፣ ገባር ወንዝ። ንፋስ ስለሚያገኛት ትቀዘቅዛለች። ዓመቱ ሲከፋ ወይኗ ጥርስ ያጠርሳል፤ ሲያምር ግን ወደር የለውም።» ሹካ ጨመርኩ። «ሩቨር፤ ከሁሉም ትንሿ።»

ከዚያ ወደ መካከለኛው ሞዘል አለፍኩ። ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ዳገቱ ፊቱን ለፀሐይ የሰጠበት፣ ስሙ የገነነው ቦታ እሱ ነው። መሬቱ እንደ ቅጠል የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀን ሙቀት ይይዝና ሲመሽ ለተክሉ ይመልስለታል። በዚያ ብርድ ሪስሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን የሚበስለው ለዚህ ነው።

«ጋሼ፣ ያን ዳገት ቦዳ ይወጣዋል?» አለኝ ከአስተናጋጆቹ ቀልደኛው።

«ቦዳ? ፍየል እንኳ እያረፈች ነው የምትወጣው።»

ሳቁ። ጠርሙሱን ከፈትኩ፤ ቡሹን ነቅዬ ቀዳሁና አሸተትኩ። ምንም የለም። «አረንጓዴ ፖም፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ» አልኩ፤ ለዚያ ወይን ሁልጊዜ የምለውን። ብርጭቆዎቹን አደልኳቸው። አሸተቱ፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ» አሉ፤ አራቱም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከወጥ ቤት ወጥታ አንዱን ብርጭቆ አነሳች። ወዲያው መልሳ አስቀመጠችው።

«ይሄ እኮ እርጥብ ካርቶን ይሸታል። እናንተን አልሸተታችሁም?»

አንዷ ልጅ ጨርቋን እያጠፈች፣ «ሸቶናል እትዬ። ጋሼ ጥሩ ነው ካሉ ምን እንበል?» አለች።

ቡሹ የተበላሸ ወይን እንዲህ እንደሚሸት ለስንት ሰው ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አፍራለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላፈርኩም። ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ነበርኩ።

«አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል» አልኳት።

ሴትዮዋ ጨዋ ናት። «ይጨርሱላቸው» ብላ ተመለሰች። ታችኛውን ሞዘል ጨረስኩላቸው፦ በካብ የተያዙትን ጠባብ እርከኖች፣ ሰው ወይኑን በጀርባው ተሸክሞ የሚወርድባቸውን። አንድም ነገር አልሳትኩም። ስለ ወይን ጠጅ ትእዛዝ ግን ያነሳ አልነበረም።

እሷ ሳትደውልለት ለአለቃዬ ራሴ ነገርኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዝናቡ።»

«ከዚያ ወዲህ ለስንት ሰው የተበላሸ ቀድተው ጥሩ ነው ብለዋል?»

«አላውቅም። የነገረኝ የለም።»

«ማን ይነግርዎታል ጋሼ!» ብሎ ግንባሩን አሸ። «ከነገ ጀምሮ ጠርሙስ አይክፈቱ» አለኝ።

በመጋዘኑ ሌላ ሥራ ይሰጠኝ እንደሆነ ቆሜ ጠበቅኩ። ወደ ስልኩ ዞረ። እሺ አልኩ፤ የቡሽ መንቀያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።